ዳገት የተከለከለ ልብ

ጎንደር፣ አራዳ
ኅዳር 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምነው፣

ከሰላምታዬ ይቅርታዬ ይቅደም። ከጀርመን ከተመለስሁ ሰነበትሁ፤ አንድ መስመር አልጻፍሁልህም። ቤቱ ከጠያቂ ጸድቶ አያውቅም። የሚመጣውም ሰው የሚያየው እኔን ሳይሆን ጠባሳዬን ነው። መንበረ መጀመሪያ ላይ «ምነው፣ ሰው አይደለም እንዴ?» እያለች ትከላከልልኝ ነበር። አሁን ሰልችቷት እንግዳ ገና ከደጅ ሲደርስ «ሸሚዝህን ፍታላቸው» ትለኛለች። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ፋንታሁንም መጥቶ ነበር። ከእግሬ የደም ሥር ወስዳችሁ ልቤ ላይ እንደሰፋችሁት ስነግረው ብዙ አሰበና «ዝውውሩ በፈቃድዎ ነው?» አለኝ። በፈቃዴ ነው አልሁት። እሱም አልሳቀ፣ እኔም አልሳቅሁ።

ለጠየቅኸኝ ሁሉ፦ ደረቴን አያመኝም። መድኃኒቱን እውጣለሁ። ሲጋራውን ትቻለሁ። ስለ ቅቤው ግን ባትጠይቀኝ ጥሩ ነበር።

ያ ብስክሌት አሁንም በሕልሜ ይመጣል። በዕድሜው ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህርን ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፋችሁ፣ የትም የማይሄድ ብስክሌት ላይ አውጥታችሁ «ንዳ!» አላችሁት። ነዳሁ። እግሬ ዛለ፤ ወረድሁ። ያን ጊዜ ልቤን የሰፉልኝ ፕሮፌሰር አንድ ነገር ተናገሩ፤ አንተ አልተረጎምህልኝም። ፊታቸውን ግን አይቻለሁ። ዕድሜ ልኬን ፈተና ሳርም ኖሬያለሁና፣ ይለፍ ይውደቅ ያልለየለት ወረቀት የያዘ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

እንግዲህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። የሄድሁት ሦስት የልብህ ሥሮች ጠበዋል ተብዬ ነው። ስንቱ ተስተካከለ? የምጠይቀው ለወሬ አይደለም።

ታላቅ ወንድሜን አያ አድማሴን ታስታውሰዋለህ፤ ተማሪ ሳለህ በቅል ማር ይዞ እየመጣ፣ እናንተን አስልሶ እኔን «ለአንተ ጥርስህን ይጎዳል» የሚለኝን። አገራችን ከኮሶዬ መንገድ ቁልቁል ወርዶ ከገደሉ ሥር ነው። መውረዱ ለማንም አይከብድም፤ መመለሻው ግን ከታች እስከ ላይ ዳገት ነው። ከአያ ጋር ከተነጋገርን ዓመታት አለፉ። ይህን ነግሬህ አላውቅም። እናታችን ስታርፍ እኔ ደረቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አሞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። አያ «ልቡ አይችልም» ብሎ መርዶውን አስከለከለ። የተነገረኝ ተዝካሯ ከወጣ በኋላ ነው። ሳልቀብራት፣ ሳላለቅስላት ቀረሁ። ወረድሁና በሰው ፊት «ከእንግዲህ ወንድም የለኝም» አልሁት።

እናንተ ዘንድ ተኝቼ ሳለሁ፣ ከጎኔ የተኛውን ሽማግሌ ወንድሙ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ቼዝ ያጫውተው ነበር። ሆን ብሎ ይሸነፍለታል፤ በሽተኛውም ያውቃል፤ ሁለቱም አይናገሩም። ያን ሳይ አያ ትዝ አለኝ። ወርጄ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ከእግሩ ሥር ልወድቅ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ንገረኝ፤ ይህ ልብ ዳገቱን ያወጣኛል?

እናንተ ዘንድ ስትሠለጥን የነበረችው ሲስተር አልማዝ ሥልጠናዋን ጨርሳ ኮሶዬ ክሊኒክ ተመድባለች። በአውሮፕላን ከጎኔ ተቀምጣ ስትመጣ መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። ከፍታ የሚያስፈራት መሰለኝ።

ቢሻው

*

ላይፕዚግ
ኅዳር 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሼ ቢሻው፣

እርስዎም እትዬ መንበረም በጤና መሆናችሁን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ከብርዱና ከድንቹ በስተቀር ደህና ነኝ።

ቀዶ ሕክምናው በሚገባ ተከናውኗል። በዚህ አይጠራጠሩ።

ፕሮፌሰሩ ያን ዕለት ያሉት ክፉ ነገር አይደለም። «ልቡ ሳይናገር እግሩ ተናገረ» ነው ያሉት። በእኛ ሥራ የልብ የደም ዝውውር ምን ያህል እንደተመለሰ የሚታወቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የልቡን የራጅ ፊልም አይቶ ምን ተስተካከለ፣ ምን ቀረ ማለት ነው። ሁለተኛው ሰውየውን አሠርቶ ልቡ ያጉረመርም እንደሆነ ማድመጥ ነው። የእርስዎ ልብ ገና ሳይጠየቅ እግርዎ ስለደከመ ፈተናው ሳያልቅ ቀረ። ስለዚህ እዚያው ይጨርሱልኝ። በደህና ቀን ከአራዳ ተነሥተው ወደ ቁስቋም ቀስ ብለው ይውጡ። ደረትዎን የሚጫን፣ ወደ ክንድዎ ወይም ወደ መንጋጋዎ የሚሄድ ነገር ከመጣ ወዲያው ይቁሙ፤ ይጻፉልኝ።

ወደ አያ አድማሴ መውረዱ ግን ለጊዜው ይቆይ። ብርዱ ይለፍ። ድንጋይ መሸከም የሚባለውማ ጨርሶ አይታሰብ፤ ደረትዎ የተሰፋው በሽቦ ነው።

ስለ ጠባችሁ አለማወቄ በጣም አሳዝኖኛል። ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ አንዳንዱን ነገር በሌላ መንገድ አደርገው ነበር። ይህን ሲያነቡ ምን ማለቴ እንደሆነ አይጠይቁኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ዓለምነው

*

ጎንደር፣ አራዳ
ጥር 13 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለዓለምነው፣

ስምንተኛ ክፍል ሳለህ የዓባይን ገባሮች ቁጠር ስልህ «ብዙ ናቸው» ብለህ ዜሮ አግኝተሃል። አሁን ደግሞ «ስንቱ ተስተካከለ?» ስልህ «በሚገባ» አልኸኝ። ዶክተር ሆነህም መልስህ አልተለወጠም። ውጤቱም ያው ነው።

ቁስቋም ወጥቻለሁ። መንበረ ጃንጥላና ውኃ ይዛ ከኋላዬ፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ከኋላዋ። ከዳገቱ መካከል እማሆይ ይርገዱ የሚባሉ መነኩሲት በምርኩዝ ቀደሙኝና «አይዞህ ልጄ፣ እርጅና ነው» ብለውኝ አለፉ። የእናቴ እኩያ ናቸው። ላይ ደረስሁ። ደረቴ አልተጫነኝም፤ የተጎዳው ክብሬ ብቻ ነው። ለፕሮፌሰሩ ንገርልኝ።

ብርዱ እስኪያልፍ አልጠበቅሁም። ከጥምቀት በፊት መሪጌታ ሀብተ ማርያምን ሽማግሌ አድርጌ ወደ አያ ላክሁ። የሆነውን መሪጌታ እንደነገሩኝ ልጻፍልህ፤ አንተ ሐኪም ነህ፣ ምናልባት ይገባህ እንደሆነ።

አያ ሲያያቸው ገና ሳይቀመጡ «እንደምን አለ?» አላቸው። ሸጋ ነው አሉት። «ይከሳል? ይተነፍሳል? ዳገት ሲወጣ ይቆማል?» ስለ እኔ ጤና ያልጠየቀው ነገር የለም። ከዚያ መልእክቴን ነገሩት፤ ወርጄ ይቅርታ ልጠይቅ እንደምፈልግ።

«አይምጣብኝ» አለ።

«ምነው አያ አድማሴ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ሊመጣ እኮ ነው!»

«ድንጋይ? ድንጋይ ነው ያሉት?» ብሎ ከመደቡ ተነሣ። «በእናቴ አጥንት፣ ከኮሶዬ ቁልቁል እግሩን እንዳያነሣ! ይንገሩት።»

ሲሸኛቸው እስከ አጥሩ ድረስ ሁለት ጊዜ ቆሞ ደረቱን አሸ። መሪጌታ ምን ሆንህ ቢሉት «ነፋስ ነው» አለ። ንዴት ይመስለኛል። በመጨረሻም ሙክት በግ አስይዞ ለእኔ ላከ። «አትምጣ» እያለ በግ የሚልክ ሰው ምን ማለቱ ነው? ጥቂት ቀን አሰብሁበት። መንበረ ግን ሳታስብ አሳረደችው።

እኔ ደግሞ ቃሌን ልኬበታለሁ፦ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ የቅበላ ቅዳሜ፣ በጠዋቱ አውቶቡስ ኮሶዬ ወርጄ እመጣለሁ። ያባርረኝ እንደሆነ በሰው ፊት ያባርረኝ፤ እኔም የተናገርሁት በሰው ፊት ነው።

ያ ቀን ሳይደርስ መልስልኝ። በቁጥር መልስልኝ።

ቢሻው

*

ላይፕዚግ
ጥር 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሁለት ናቸው።

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ቆሜ ነው የምጽፈው። ሁለቱ የግራ ሥሮች በሚገባ ተሰፍተዋል። ሦስተኛው፣ የቀኙ፣ ቀጭን ነው፤ ግድግዳውም እንደ ኖራ ደርቋል። መርፌ የሚቀበል ቦታ አልተገኘበትም። ፕሮፌሰሩ እንዳለ ተዉት። በመዝገብዎ ላይ «የደም ዝውውሩ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም» የሚል ቃል አለ። እርስዎ ሲነቁ «እንዴት ነው?» አሉኝ፤ እኔም እጅዎን ይዤ «ተጠናቀቀ» አልሁ። ቀዶ ሕክምናው ነበር የተጠናቀቀው።

ይቅር ይበሉኝ። እዚህ አገር ለበሽተኛው ራሱ ፊት ለፊት ይነግሩታል። እኔ ግን አልቻልሁም፤ በአገራችን ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፣ ለዘመድ ነው የሚነገረው ብዬ ለዘመድ አስነገርሁ። ለማን እንዳስነገርሁ ሐምሌ ስመጣ በአፌ እነግርዎታለሁ። አሁን ብጽፈው ጠብ ላይ ጠብ የምጨምር እየመሰለኝ ፈራሁ።

ቁስቋም መውጣትዎ ደግ ምልክት ነው። የኮሶዬ ገደል ግን ቁስቋም አይደለም። ሐምሌ መጥቼ ራሴ ሳላይዎት እንዳይወርዱ። ስለ እናትዎ ብለው፣ እንዳይወርዱ።

ዓለምነው

*

ጎንደር፣ አራዳ
የካቲት 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለዓለምነው፣

ደብዳቤህ ዓርብ ማታ ገባ። ታዘዝሁ። ሻንጣዬን ፈታሁ፤ ከቀበሌ በስንት ምልልስ ያገኘሁትን የይለፍ ወረቀትም ለጓድ ፋንታሁን መለስሁለት። ያልተሠራበት ወረቀት ሲመለስለት የመጀመሪያው ስለሆነ ምን እንደሚያደርገው ጨነቀው።

ከሦስት ሁለት። ተማሪ ቢያገኘው ያልፋል። አልተቆጣሁህም። ተቆጥቼ ነበር፤ ሌሊቱን አለፈልኝ። የነገርኸው ዘመድ መንበረ ናት ብዬ ጠየቅኋት፤ በልጆቿ ምላ ካደች። እንግዲህ ማን እንደሆነ ሐምሌ እንሰማለን።

ወደ አያ አልላክሁም። «አትምጣ» ላለ ሰው «አልመጣም» ብሎ መልእክተኛ መስደድ ትርፍ ነገር መሰለኝ። ደስ ይለው።

ትናንት የቅበላውን ዶሮ ወጥ በመስኮት በኩል ተቀምጬ በላሁ። በኮሶዬ የሚያልፈው የደባርቁ አውቶቡስ ከመናኸሪያ ሲወጣ ጡሩምባው እስከ አራዳ ይሰማል። መንበረ «ምን ሆንህ?» አለችኝ። ነፋስ ነው አልኋት።

ቢሻው

*

ላይፕዚግ
የካቲት 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ቢሻው፣

ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ይቀመጡ፤ ለደስታ ነው።

የቁስቋሙን ደብዳቤዎን ለፕሮፌሰሩ ተረጎምሁላቸው። እማሆይ ይርገዱ ጋ ስደርስ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን ሳቃቸውን ገትተው «ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ምን ያህል ናት?» አሉኝ። ስነግራቸው መብራት አስጠፍተው ፊልምዎን ግድግዳው ላይ እንደገና አሳዩን። እርስዎ እንዲገባዎት በወንዝ ልንገርዎት። የቀረው ሥር የሚያጠጣው መሬት ጠባብ ነው። ከግራው በኩል ደግሞ ቀጫጭን ጅረቶች ራሳቸው መንገድ አበጅተው ወደዚያው ገብተዋል፤ አሁን ግራው ስለተከፈተ ውኃ አላቸው። ፕሮፌሰሩ ያሉትን ቃል በቃል ልጻፍልዎ፦ «የቀሩትን ሥሮች መቁጠር የሒሳብ ሥራ ነው። የእኛ ሥራ በቀረው ምክንያት የሚጠማ ሥጋ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ሰው በዚያ ከፍታ ዳገት ወጥቶ አልጠማውም። ይሂድ ወደ ወንድሙ፤ ቀስ ብሎ ይሂድ።»

ጋሼ፣ ሁለት ስል እውነት ነበር፤ ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። ቆጠራውን ነገርሁዎት፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሳልጠይቅ ነው ያስፈራራሁዎት።

አሁን ቀሪውን ልናገር። ያስነገርሁት ለአያ አድማሴ ነው። ታላቅዎ ስለሆኑ፣ ስለ ጠባችሁም ስላልሰማሁ፣ ለሲስተር አልማዝ በቃል ነግሬ ላክኋት። «ለእሱ አይንገሩት፤ ዳገት ግን ያስከልክሉት» ብዬ። በአውሮፕላን ውስጥ ዝም ያለችው ከፍታ ፈርታ አይደለም። አያ «አይምጣብኝ» ያሉት ለዚህ ነው። የእኔን አደራ ነው የጠበቁልኝ።

በቶሎ ይሂዱ። ሲገናኙ ስለ እኔም ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ማር ካለ ለእኔ ያስቀሩልኝ።

ልጅዎ ዓለምነው

*

ጎንደር፣ አራዳ
መጋቢት 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምነው፣

ይህን ስታነብ አንተም ተቀመጥ።

ደብዳቤህ እንደ ደረሰኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለመንበረ አነበብሁላት። «አየሽ? አልተቀየመኝም! የያዘው ልቤን ነው እንጂ ነገሬን አይደለም!» እያልሁ ምርኩዜንና ጋቢዬን ፍለጋ ቤቱን ገለበጥሁት። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እወርዳለሁ አልኋት። እሷ አልሳቀችም። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ወደ ጎረቤት ምጣድ ልትመልስ መሰለኝ።

በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። መሪጌታ ሀብተ ማርያም ከፊት፣ ጓድ ፋንታሁን ነጠላ አዘቅዝቆ ከኋላቸው፣ ጎረቤቱ በሙሉ። ከሁሉ ኋላ ሲስተር አልማዝ መርፌና መድኃኒት ይዛ ቆማለች። እሷን ሳይ ገባኝ። መርዶ ብዙ አይቻለሁ፤ ሐኪም አስከትሎ ሲመጣ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

አያ አድማሴ ያረፈው የቅበላ ቅዳሜ ነው። እኔ ዶሮ ወጥ እየበላሁ።

ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። መንበረም ሁዳዴው ከገባ ጀምሮ ታውቃለች፤ ማታ ማታ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅስ ኖሯል፤ እኔ ጭስ ነው ስትለኝ አምናታለሁ። ልቡ አይችልም ብለው ከለከሉኝ። እንደ እናቴ ጊዜ። ልዩነቱ አሁን የምቆጣው ሰው ማጣቴ ነው።

የሆነውን ኮሶዬ ላይ ምግብ ቤት ያላት እታገኘሁ ነገረችኝ፤ አውቶቡሱ የሚቆመው ከደጃፏ ነው። አያ የዚያን ቀን ጠዋት ከታች ወጥቶ መጣ። ላብ አጥምቆታል፤ ቃል ለመናገር እንኳ ብዙ ቆየ።

«ምነው አያ፣ በዚህ ዕድሜህ ምን አወጣህ?» አለችው።

«ወንድሜ ይመጣል። ሳይወርድ ከዚህ ልይዘው ነው።»

«ታዲያ ቢወርድስ?»

«አንዷ ሥሩ አልተሠራችም። እሱ አያውቅም። መውረዱንስ ይወርዳል፣ ማን ያወጣዋል?» አላት። ቀጥሎም «የበግ ጥብስ ሥሪልን፤ ቅቤ አታብዢ፣ ተከልክሏል» አላት። «ድንጋይ ይዞ ከመጣ ደግሞ አንቺ ቀድመሽ ተቀበዪው፤ እኔ ጎንበስ ስል ያዞረኛል።»

ከጎንደር የመጣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር እየተነሣ በመስኮቱ አየ። ጥብሱ ቀዘቀዘ፤ አሞቀችው፤ ደግሞ ቀዘቀዘ። «አይመጣም እንግዲህ፣ ብላ» ብትለው «ልኮብኛል እኮ! ባይመጣ ኖሮ ይልክብኝ ነበር» አላት።

ይህችን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገምኋት።

የመጨረሻው አውቶቡስ ካለፈ በኋላ ቁልቁል ተመለሰ። መንደሩ ሳይደርስ ደረቱን ይዞ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እንደተቀመጠ አገኙት። ሲስተር አልማዝ ሮጣ ደርሳ ነበር፤ ማድረግ የምትችለው ግን አልነበረም። ዓመት ሙሉ ዳገት ሲወጣ ያመው እንደነበር ከልጆቹ ሰምታ ነገረችኝ። እሷን ስለ እኔ ሥሮች ሲጠይቃት ውሎ፣ ስለ ራሱ ግን «ነፋስ ነው» ብሏታል። ያው የአንድ እናት ልጆች ነን፤ የእኔን ልብ ስንት መሣሪያና ስንት ፕሮፌሰር ሲያየው፣ የእሱን ማንም ጆሮውን አላስጠጋበትም። እኔንም ጨምሮ። መሪጌታ ነግረውኝ ነበር፤ ለአንተም ጽፌልህ ነበር። ንዴት ነው ብዬ።

ለተዝካሩ ወረድሁ። ከኮሶዬ መንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አነሣሁ። አልማዝ «ዶክተር ከልክሏል!» ብላ ጮኸች። ተሸክሜ ወርጄ ከመቃብሩ አጠገብ ቆምሁ። ወጉን ታውቀዋለህ፤ ድንጋዩን ከትከሻህ የሚያወርደው የበደልኸው ሰው ነው። ሰዉ ሁሉ አየኝ፤ አንድም ሰው እጁን አልዘረጋም፤ አይገባቸውምና። እኔም ራሴ ላወርደው አልቻልሁም፤ አይገባኝምና። ብዙ ቆሜ ቆሜ፣ ያንኑ ድንጋይ እንደተሸከምሁ ተመለስሁ። በቅሎ አቀረቡልኝ፤ እንቢ አልሁ። ያንን ዳገት ከሥር እስከ ጫፍ በእግሬ ወጣሁት። በመንገዴ አያ የተቀመጠባት ድንጋይ ጋ ቆሜያለሁ፤ የቆምሁት ግን ደክሞኝ አልነበረም።

የፕሮፌሰሩ ፈተና አለቀላቸው፤ ውጤቱን እንዲህ ብለህ ተርጉምላቸው። በሽተኛው ሸክም ይዞ የኮሶዬን ገደል ወጥቷል። ደረቱን አልተጫነውም፤ ክንዱንም መንጋጋውንም አላመመውም። ሦስተኛዋ ሥር ኖረች አልኖረች ለውጥ አላመጣችም። ዛሬ ያወጣኝ ልብ የቅበላ ቅዳሜም ያወጣኝ ነበር። ጥቅምትም ያወጣኝ ነበር።

አንተን አልወቅስህም፤ ሐምሌ ና። እኔ ከአንተ አልሻልም፤ አንተ ሁለት ብለህ ጻፍህልኝ፣ እኔ ለወንድሜ አልመጣም የምትል አንዲት ቃል መላክ ትርፍ መሰለችኝ።

ማሩን ልጆቹ አስቀርተውልሃል፤ አያ አስቀድሞ «ለዚያ ለሐኪሙ» ብሎ ለይቶት ኖሯል። ድንጋዩ ከቤታችን ደጃፍ ተቀምጧል። ጓድ ፋንታሁን በመጣ ቁጥር ይደናቀፍበታል፤ «ለምን አይነሣም?» ይለኛል። የሚያነሣው ሰው ጠፍቶ ነው እለዋለሁ።

ቢሻው